በባሕር ዳር ትንሽ የግል ኮሌጅ መማር ያዋጣል? የአንዲት የማታ ተማሪ ግምገማ

ይህን የምጽፈው ሁለት ዓይነት ሰዎችን አስቤ ነው። አንዱ ቀን እየሠራ ማታ መማር የሚፈልግ ነው። ሌላው ልጁን የግል ኮሌጅ ለማስገባት አስቦ "ብሬ ሜዳ ላይ ይቀር ይሆን?" ብሎ የሚያመነታ ወላጅ ነው። እኔ ጣና ዳር ባለ አንድ ሆቴል ሪሴፕሽን ላይ እሠራለሁ። ከሥራ በኋላ ደግሞ እዚሁ ባሕር ዳር በአንዲት ትንሽ የግል ኮሌጅ ማኔጅመንት ተምሬ ተመርቄያለሁ። 2013 ዓ.ም ገብቼ 2017 ነው የጨረስኩት። ከዚያ ወዲህ የሥራ ባልደረቦቼም የሰፈር እናቶችም "እስኪ እውነቱን ንገሪን፣ ያዋጣል?" እያሉ ይጠይቁኛል። ለሁሉም ተራ በተራ ከምመልስ አንዴ ልጻፈው ብዬ ነው።

የኮሌጇን ስም አልጠራም። የምነግራችሁ ጉድለት አለ፤ ጉድለቱ ደግሞ የእሷ ብቻ አይመስለኝም። ስሟን ከምነግራችሁ ይልቅ ኮሌጅ ስትመርጡ ምን ምን ማየት እንዳለባችሁ ብነግራችሁ ይሻላል።

መልሴን ቀድሜ ልናገር። ያዋጣል። ግን የሚያዋጣው ባነር ላይ በሚጻፈው ነገር አይደለም። ባነሩ ላይ ያለው የመውጫ ፈተና፣ ዘመናዊ ላብራቶሪና ተመጣጣኝ ክፍያ ነው። እኔ የከፈልኩት ብር አንጀቴን ያራሰው ግን ማንም በማያስተዋውቃቸው ትምህርቶች ነው። ተማሪው "ኮመን ኮርስ ናቸው" እያለ የሚንቃቸው፣ ሠላሳ እንኳ በማንሞላበት ክፍል የተማርናቸው ናቸው።

መጀመሪያ ስለ ቦታው ትንሽ ልበል። ኮሌጅ ሲባል ግቢ፣ ዛፍና ኳስ ሜዳ የሚታያችሁ ከሆነ ይህን እርሱት። ምድር ቤቱ ባንክና የኮስሞቲክስ ሱቅ ነው። ኮሌጇ ከላይ ያሉትን ፎቆች ተከራይታለች። ሊፍት የለም። የእኛ ክፍል መስኮት ወደ ሐይቁ ነበር። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ የባሕር ዳር ሙቀት ሲበረታ መስኮቱን ከፍታችሁ ቢንቢ ማስገባት ነው፤ ካልሆነ ዘግታችሁ በላብ መጠመቅ። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ ይነሳል፤ ያኔ ከኋላ ለተቀመጠ ሰው የመምህሩ ድምፅ አይሰማም። እኔ ሁሌም ከፊት ነበር የምቀመጠው፤ እናንተም እንደዚያ አድርጉ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ከ2012 ዓ.ም ጀምሮ የዩኒቨርሲቲና የኮሌጅ ተማሪ አንደኛ ዓመት ላይ የጋራ ኮርሶችን እንዲወስድ ተደርጓል። ከዚያ በፊት የማኅበራዊ ሳይንስ ዲግሪ ሦስት ዓመት ነበር፤ ተማሪው በቀጥታ ወደ ዲፓርትመንቱ ይገባል። አሁን ማኔጅመንትም አካውንቲንግም የሚማር ሰው መጀመሪያ ሎጂክና ክሪቲካል ቲንኪንግ፣ ጄኔራል ሳይኮሎጂ፣ አንትሮፖሎጂ፣ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ታሪክ፣ ጂኦግራፊ፣ ኢንክሉሲቭነስና ሌሎችንም ይወስዳል። ብዙ ሰው "ይሄ ምን ያደርግልኛል? ጊዜና ብር ማባከን ነው" ይላል። በክሬዲት አወር ለሚከፍል ሰው ቅሬታው ይገባኛል። የእኔም የትምህርት ወጪ ከደመወዜ ሲሶውን ያልፍ ነበር።

የሎጂክ መምህራችን ቀን ሌላ ቦታ የሚያስተምር ፓርት ታይመር ነበር። ሞጁሉን ማንበብ የእኛ ሥራ ነው፤ እሱ ክፍል የሚገባው ማርከር ብቻ ይዞ ነው። አንድ ምሽት ሰሌዳው ላይ እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ "እምቦጭ ጣናን ከወረረ ወዲህ ዓሣ ቀነሰ። ስለዚህ ዓሣውን የጨረሰው እምቦጭ ነው።" ከዚያ ዞር ብሎ "መነሻው የቱ ነው? መደምደሚያውስ? መነሻው መደምደሚያውን ይሸከማል?" አለን። ሁላችንም በአንድ ድምፅ "አዎ!" አልን። ባሕር ዳር ላደገ ሰው ይህ ጥያቄም አይመስልም።

ከመሃል አንድ ዝምተኛ ልጅ እጁን አወጣ። ከደራ በኩል የመጣ ነው፤ ቤተሰቡ ዓሣ አስጋሪ ናቸው። "ቲቸር፣ አባቴ እኮ እምቦጭ ሳይመጣም ዓሣው ቀነሰ ይል ነበር" አለ። መምህሩ ማርከሩን ሰጠውና ወደ ሰሌዳው ጠራው። ልጁ ሐይቁን ሳለ፤ የጉማራንና የርብን ወንዞች አስገባ። ክረምት ሲገባ ነጭ ዓሣ የሚባለው የጣና ዓሣ ለመራባት ከሐይቁ ወጥቶ በወንዞቹ ሽቅብ እንደሚሄድ አስረዳን። መረብ የሚጣለው ደግሞ ልክ ወንዙ ከሐይቁ በሚገናኝበት አፍ ላይ ነው። ዓሣው እንቁላሉን እንደያዘ ይያዛል። የዘንድሮው ብቻ ሳይሆን የከርሞውም አብሮ አለቀ ማለት ነው። ቆሮሶ የሚባለው ሌላው የጣና ዓሣ ግን እንዲህ ወንዝ ሽቅብ ስለማይሄድ በዚህ መንገድ አይጎዳም አለ።

በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ መምህሩ አንብቦ መጣ። ተመራማሪዎች የነጭ ዓሣውን ማሽቆልቆል የመዘገቡት እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ነው። እምቦጭ ጣና ላይ የታየው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ደግሞ ከነጭ ዓሣው አሥራ አምስት ያህሉ ዝርያ በዓለም ላይ ጣና ብቻ ያለ ነው። "አንዱ ከሌላው በኋላ ስለመጣ የመጀመሪያው ሁለተኛውን አመጣው ማለት አይደለም" አለን። ባንክ የምትሠራ አንዷ ወዲያው ተነሳች። "እና እምቦጭ ጉዳት የለውም ልትለን ነው?" አለች፤ ተቆጥታ ነበር። እናቷ የጎርጎራ ሰው ናቸው፤ በዚያ በሰሜኑ ዳርቻ አረሙ ጀልባ እንዴት እንደሚያግድ፣ መረብ እንዴት እንደሚያበላሽ በዓይኗ አይታለች። መምህሩም "እሱም ከመነሻው አይከተልም" አላት። ክርክሩ ጥበቃው መጥቶ "ልጆች፣ ልዘጋ ነው" እስኪለን ቀጠለ። ደረጃውን ስንወርድም እየተከራከርን ነበር።

ይህን ያህል የተረኩት ኮርሱ ምን እንዳደረገልኝ እንዲገባችሁ ነው። በሌላ ጊዜ ሆቴላችን ውስጥ እንግዳ ቀነሰ። ሥራ አስኪያጁ "አዲሷ ሱፐርቫይዘር ከመጣች ወዲህ ነው" ብሎ ሊያሰናብታት ተነሳ። እኔ ያለፈውን ዓመት መዝገብ አወጣሁና አሳየሁት። ሱፐርቫይዘሯ የመጣችው ጥምቀትና የጥር ሠርግ አልፎ ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል ነው። በዚያ ሰሞን ዓምናም እንግዳ ቀንሶ ነበር፤ ያኔ እሷ ገና አልተቀጠረችም። ሥራ አስኪያጁ መዝገቡን ሁለቴ አገላብጦ ዝም አለ። ሴትየዋ አሁንም እዚያው ትሠራለች። ማኔጅመንት በአራቱም ዓመት ካስተማረኝ ነገር ውስጥ ይህን ያህል የጠቀመኝ ጥቂት ነው።

ከእኛ ጋር አንድ የቀድሞ የቅኔ ተማሪ ነበር። ልጅ ሆኖ ቆሎ ተማሪ ሆኖ ወጥቶ ጎጃም ውስጥ ቅኔ ቤት የቆየ፣ ኋላ ወደ ዘመናዊ ትምህርት የተመለሰ ሰው ነው። ጎጃም የቅኔ አገር እንደሆነ፣ ዋሸራ፣ ዲማና ጎንጅ ስማቸው የተጠራ ጉባኤ ቤቶች እንደሆኑ ታውቃላችሁ። እሱ ግን ከውስጥ ያለውን ነገረን። ተማሪው ቀን ብቻውን ሜዳ ወይም ጫካ ውስጥ ቁጭ ብሎ ቅኔውን ይቆጥራል። ከዚያ የኔታ ዘንድ ቀርቦ ይነግራል። የኔታ እዚያው ቃል በቃል ያርማሉ፦ ይህ ከዚያ ጋር አይሄድም፣ ይህን ለምን አመጣኸው? አንድ መምህር፣ አንድ ተማሪ፣ አንድ ሥራ። ሰምና ወርቁ ካልተስማማ ጉባኤው ፊት ይታወቃል።

ይህን ስሰማ ትንሽ ክፍል ማለት ምን ማለት እንደሆነ የበለጠ ገባኝ። ተማሪን አጠገብ አስቀምጦ ሐሳቡን መመርመር ከውጭ የመጣ ነገር አይደለም፤ ከጣና ማዶም ወዲህም ለዘመናት የነበረ ነው። የአንትሮፖሎጂ መምህራችን አሳይመንታችንን ሲመልስ ስም እየጠራ ጠረጴዛው ድረስ ያስመጣን ነበር። ወረቀቱን መሃል አድርጎ "ይህን ዓረፍተ ነገር አስረጂኝ" ይላል። ከሌላ ሰው የገለበጠ ሰው እዚያ ላይ ይያዛል። ራሱ የጻፈ ደግሞ ሐሳቡን ይዞ ይወጣል። ሁለት መቶ ሰው በሚቀመጥበት አዳራሽ ይህ አይቻልም። መምህሩ ቢፈልግ እንኳ ቀኑ አይበቃውም።

ጂኦግራፊው ሌላው ደስ ያለኝ ነው። መምህሯ አንድ እሑድ ዓባይ ድልድይ ላይ ቀጠረችን። ያኔ አዲሱ ድልድይ ገና እየተሠራ ነበር፤ ግንቦት 2016 ነው የተመረቀው። አሮጌው ላይ ቆመን ውኃው ከሐይቁ ሲወጣ እያየን "ጢስ ዓባይ ለምን ሳሳ?" ብላ ጠየቀችን። እንግዶች በየቀኑ የሚጠይቁኝ ጥያቄ ነው! ፎቶ አይተው፣ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሄደው ሲመለሱ ብዙ ጊዜ ፊታቸው ላይ ቅሬታ አለ። እኔ ድሮ "ዝናብ አንሶ ይሆናል" ነበር የምላቸው። መምህሯ ግን በካርታ አሳየችን። ሐይቁ ላይ ከዓባይ መውጫ ጨራ ጨራ የሚባል ውኃ መቆጣጠሪያ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የተሠራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ደግሞ ጣና በለስ ሥራ ጀመረ። በዋሻ ከሐይቁ ምዕራብ በኩል ውኃ ወስዶ 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው፤ ውኃው በበለስ ዞሮ ከዓባይ ጋር የሚገናኘው ታች ነው። ስለዚህ ፏፏቴው ላይ የሚደርሰው ከድሮው ያነሰ ነው። አሁን እንግዳ ሲጠይቀኝ ይህን እነግረዋለሁ፤ ነሐሴና መስከረም ላይ ቢመጣ ደግሞ የተሻለ እንደሚያይ እጨምርለታለሁ። በጉዞው ሳይበሳጩ ይመለሳሉ።

ኢንክሉሲቭነስ የሚባለው ኮርስ ደግሞ ስለ አካታችነት ነው። የምንማረው አራተኛ ፎቅ ላይ ነበር። በክራንች የሚሄድ የክፍላችን ልጅ ነበረ፤ በየቀኑ ከሁላችንም ቀድሞ መጥቶ በዝግታ ይወጣል። ሁለተኛው ሳምንት ላይ አንዷ ተነስታ "ቲቸር፣ ይህን ኮርስ እዚህ ፎቅ ላይ መማር አንችልም" አለች። መምህሩ አልተከላከለም። ትምህርቱን አቁሞ ከእኛው ጋር ወደ ዲኑ ቢሮ ሄደ። በሳምንቱ ክፍላችን ወደ ታች ተዛወረ። ሊፍቱ እስከ ተመረቅንበት ድረስ አልተሠራም፤ ይህ አሁንም ያናድደኛል። ግን ተማሪና መምህር አብረው ዲን ቢሮ ገብተው መልስ ይዘው የሚወጡበት ቦታ መሆኑ የትንሽነቷ በረከት ነው።

እስከዚህ ያለው አንደኛ ዓመትና የሁለተኛ ዓመት መጀመሪያ ነው። ከዚያ በኋላ ነገሩ ተበላሸ።

የመውጫ ፈተና በአገር ደረጃ ለሁሉም የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች የተጀመረው በ2015 ዓ.ም ነው። ማለፊያው 50 ከመቶ ነው። በዚያ ዓመት ከግል ተቋማት ያለፉት ጥቂት ስለነበሩ ኮሌጆች ደነገጡ፤ የእኛዋም ደነገጠች። እኔ ፈተናውን አልቃወምም። ዲግሪ ዋጋ እንዲኖረው መመዘኛ ያስፈልጋል። የምቃወመው ኮሌጇ የወሰደችውን መንገድ ነው። ከሦስተኛ ዓመት ጀምሮ ክፍሉ ወደ ጥያቄ መሸምደጃ ተለወጠ። መምህር ይገባል፣ ብሉፕሪንቱን (ፈተናው የሚያካትታቸውን ርዕሶች ዝርዝር) ይከፍታል፣ የምርጫ ጥያቄ ያነባል፣ "መልሱ ሲ ነው፣ ቀጥል"። "ለምን ሲ ሆነ?" ብሎ የሚጠይቅ ተማሪ ጊዜ እንደሚያባክን ይቆጠር ጀመር። የሎጂክ መምህራችንም የተሻለ ክፍያ አግኝቶ ሄደ። እሱን በኮሌጇ ለማስቀረት ማንም እንዳልጣረ ከሰማሁ በኋላ በጣም አዘንኩ። ከእኛ በኋላ የገቡት ልጆች ያንኑ ኮርስ የተማሩት ከስላይድ ላይ በሚያነብ ሰው ነው። ያው የኮርስ ስም፣ ያው ክሬዲት አወር፣ ያው ክፍያ። የተማሩት ግን ሌላ ነገር ነው።

ፈተናውን አልፌያለሁ። የሸመደድናቸው ጥያቄዎች እንዳሉ አልመጡም። በሌላ አቀራረብ ሲመጡ አብሮኝ የነበረው ነገር ጥያቄውን ቀስ ብሎ አንብቦ "ይህ ምን እያለኝ ነው?" ብሎ መበተን ነው። ይህን ያገኘሁት ከዚያ የጥያቄ ሽምደዳ አይደለም።

የመመረቂያ ጥናቱም ላይ ሁለት ዓይነት ታሪክ አለ። በኮሌጇ አካባቢ ካሉ የጽሕፈት ቤቶች አንዱ "ርዕስሽን ብቻ ንገሪን፣ ሪሰርቹን ጨርሰን እንሰጥሻለን" ይላል። ዋጋውም ግልጽ ነው። ከክፍላችን የገዛ አለ፤ ኮሌጇ ጥራዙ ስፓይራል መሆኑን እንጂ ውስጡን አላየችም። እኔ ግን አማካሪዬ ደግ ሰው ሆኖ ተሳካልኝ። ስለ ሆቴል ሠራተኞች መልቀቅ ነበር የምጽፈው። የመጀመሪያው ረቂቄ ላይ "ሠራተኛው የሚለቀው በደመወዝ ማነስ ነው" ብዬ ነበር። አማካሪዬ በቀይ እስክሪብቶ ጎኑ ላይ "ይህን ማን ነገረሽ?" ብሎ ጻፈ። ሌላ ምንም የለም።

ስለዚህ ሄጄ የለቀቁትን ጠየቅሁ። ደመወዝ ያሉኝ አሉ። ከእነሱ የበዙት ሴቶች ግን የነገሩኝ ሌላ ነው። የምሽቱ ፈረቃ የሚያልቀው ከምሽቱ አራት ሰዓት ነው። በዚያ ሰዓት ባጃጅ የለም፤ ካለም እጥፍ ይጠይቃል። አባይ ማዶ ወይም ዳር ሰፈር ያለች ሴት በጨለማ በእግሯ ትሄዳለች። አንዷ "እኔን ያስለቀቀኝ መንገዱ ነው" አለችኝ። ይህን ጻፍኩት። ለሥራ አስኪያጁም ሰጠሁት፤ የፈረቃው መውጫ ሰዓት ቀደም እንዲል ተደረገ። ያን "ይህን ማን ነገረሽ?" የምትል መስመር አሁንም ሪፖርት ስጽፍ አስታውሳታለሁ።

ስለ ቤተ መጻሕፍቱ በአጭሩ፦ አንድ ክፍል ነው፤ መጽሐፉ ጥቂት ነው፤ አብዛኛው ፎቶ ኮፒ ነው። ይህን ይታገሱታል። የማይታገሱት ሰዓቱ ነው። የማታ ተማሪ ትምህርት የሚጀምረው 11:30 ላይ ነው። ቤተ መጻሕፍቱ የሚዘጋውም 11:30 ላይ ነው። ማለትም የማታ ተማሪ ቀኑን ሙሉ ሥራ ላይ ውሎ ሲመጣ በሩ ይቆለፋል። ደጋግመን አመለከትን፤ "ይታያል" ከሚል ሌላ መልስ አላገኘንም። የረዳችን ቤተ መጻሕፍቷን የምትጠብቀው ሴት ናት። ከእኛ አንዱ ስልክ ከደወለላት መጽሐፉን ጥበቃው ጋ ታስቀምጥልናለች፤ ጠዋት እንመልሳለን። በ2015 መጨረሻ በክልሉ የሞባይል ዳታ ሲቋረጥ ደግሞ ቴሌግራም ግሩፓችን ሞተ። ሀንድአውት በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ ይዞር ጀመር፤ የጸጥታው ነገር ሲከፋም የማታው ክፍል ወደ ቅዳሜና እሑድ ተዛወረ። በዚያ ወቅት እንኳ ያቺ ሴት አንድም ቀን መጽሐፍ ከልክላን አታውቅም። ደመወዟ ስንት እንደሆነ አላውቅም፤ ከሚከፈላት በላይ እንደሠራች ግን አውቃለሁ።

የግቢ ሕይወትስ? ዶርም የለም፣ ክበብ የለም፣ ስፖርት የለም። ያለው መንገዱ ማዶ ያለች ሻይ ቤት ናት። ከሥራ ወደ ክፍል ስንሮጥ እርጥብ በልተን፣ ሻይ ጠጥተን የምንገባባት። ብር ላጠረው "ነገ ትሰጣለህ" የምትል ባለቤት አለቻት። የክፍላችን ሰው ደግሞ ከፔዳ፣ ማለትም ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ፣ ተማሪ በጣም ይለያል። ፖሊስ ነበረ፣ ነርስ ነበረች፣ የባንክ ካሸር፣ የወረዳ ሠራተኛ፣ ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል ገና የወጡ ልጆችም ነበሩ። ሁላችንም "እትዬ" የምንላቸው፣ ልጆቻቸውን አድርሰው የመጡ እናት ነበሩ። ግሩፕ ወርክ ሲኖረን ሽምብጥ ሰፈር እሳቸው ቤት ነበር የምንሰበሰበው። እሳቸው ቡና ያፈላሉ፤ እኛ እናነባለን። ሦስተኛው ቡና ሳይቀዳ ማንም አይነሳም። የሳይኮሎጂ ኮርሱ ላይ ስለ ልጅ እድገት ስንማር ሞጁሉን ካነበብነው እኛ ይልቅ ያስተማሩን እሳቸው ናቸው። "ይሄ የሚለው ለመጀመሪያ ልጄ ልክ ነው፣ ለሁለተኛው ግን አይሠራም" ይሉ ነበር። መምህሩም ማስታወሻ ይይዝ ነበር።

"ፔዳ አይሻልም?" የሚለኝ አለ። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ትልቅ ቤት ነው። ፖሊ ቴክኒኩ እ.ኤ.አ. በ1963፣ የመምህራን ማሠልጠኛው ፔዳ ደግሞ በ1972 ተመሥርተው በ2000 አንድ የሆኑ ናቸው። ቤተ መጻሕፍቱም፣ ላብራቶሪውም፣ መምህራኑም ከእኛ ኮሌጅ ጋር አይወዳደሩም። ልጃችሁ ውጤት ካመጣለትና ከተመደበ ይሂድ፤ አታመንቱ። ኢንጂነሪንግ ወይም ሕክምና ለሚፈልግም ትንሽ የግል ኮሌጅ ቦታው አይደለም። ቀን የሚሠራ፣ ቤተሰብ የሚያስተዳድር፣ ወይም በብዙ ሰው መሃል የሚጠፋ ዓይነት ልጅ ከሆነ ግን ትንሿ ኮሌጅ ትሻለዋለች። መምህሩ ስሙን ያውቃል። ሲቀር "የት ነበርክ?" ይባላል።

ለመመዝገብ ስትሄዱ እነዚህን ሳታዩ ብር አትክፈሉ። የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን የሰጠው ዕውቅና ለምትማሩት ፕሮግራም፣ ለዚያው ካምፓስና ለማታው ወይም ለመደበኛው የሚሠራ መሆኑን ወረቀቱን አስወጥታችሁ አንብቡ። "ኮሌጁ ዕውቅና አለው" የሚል መልስ አይበቃም፤ ለአካውንቲንግ ኖሮት ለእናንተ ፕሮግራም ላይኖረው ይችላል። ቤተ መጻሕፍቱ ስንት ሰዓት እንደሚዘጋ ጠይቁ። የስማችሁ የእንግሊዝኛ አጻጻፍ ከመታወቂያችሁና ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል ካርዳችሁ ጋር አንድ መሆኑን የመጀመሪያው ቀን አረጋግጡ። በአንድ ፊደል ምክንያት ጓደኛዬ ትራንስክሪፕቷን ለማስተካከል ስንት ጊዜ ከሥራ ፈቃድ እንደጠየቀች እኔ ነኝ የማውቀው።

ከሁሉም በላይ ግን የጋራ ኮርሶቹን ማን እንደሚያስተምር ጠይቁ። የዲፓርትመንት መምህራንን ስም ዝርዝር ይሰጧችኋል፤ እሱን አይደለም ያልኩት። ሎጂክን፣ ታሪክን፣ ጂኦግራፊን ማን ነው የያዘው? ቋሚ ነው ወይስ በየሴሚስተሩ ይቀያየራል? በአንድ ክፍል ስንት ሰው ይቀመጣል? ከተቻለ አንድ ምሽት ገብታችሁ ከኋላ ተቀመጡ። ተማሪው ሲጠይቅ መምህሩ ምን እንደሚያደርግ እዩ። ጥበቃው "ተማሪ ያልሆነ አይገባም" ይላችኋል፤ ሬጅስትራሯን አስጠሩ። በእኛ ኮሌጅ ቢሆን ደብተር የያዘን ሰው አትመልስም።